ዓሣ ያልነካው ድስት

ሕንድ አገርን በካርታ እንጂ በዓይኔ አላየሁም። ራቅ ብዬ ሄድኩ ከተባለ ጅማ ድረስ ነው፤ እሱም ታምሜ። ግን ጋምቤላ ከተማ ኒውላንድ ሰፈር ገብታችሁ «ሕንድ ቤት ውሰደኝ» ብትሉት፣ ባለባጃጁ የት እንደሆነ መልሶ አይጠይቃችሁም። ደጄ ላይ ያወርዳችኋል። ሕንድ ቤት የሚባለው የኔ ቤት ነው። ስሜ ስንዱ ይመር ይባላል፤ የወሎ ሰፋሪ ልጅ ነኝ።

ይህን ስናገር የማይስቅ ሰው አላጋጠመኝም። እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ የሳቀ ሰው ገብቶ መብላቱ አይቀርምና። «የወሎ ሕንድ» ብሎ ስም ያወጣልኝ አንድ መምህር አለ፤ ዛሬም በሳምንት ሁለቴ እየመጣ ይበላል፤ ዛሬም ይሰድበኛል። ያኔ ግን፣ ይህ የምነግራችሁ ነገር ከመድረሱ በፊት፣ ሳቁ ውስጤ ገብቶ ያሳክከኝ ነበር። ምክንያቱም ቤቴን ከከፈትኩ ጀምሮ የኔን ወጥ የቀመሰ አንድም ሕንድ አልነበረም። ለአበሻ እያበላሁ «ይህ የሕንድ ነው» ብል ማን ይመሰክርብኛል? ማንስ ይመሰክርልኛል?

እንዴት የሕንድ ወጥ ሠሪ እንደሆንኩ ባጭሩ ልንገራችሁ፤ አለዚያ የኋላው አይያያዝላችሁም። እናትና አባቴ በሰፈራው ጊዜ ከወሎ መጥተው፣ ከአቦቦ ወደ ጎግ በሚወስደው መንገድ ካሉት መንደሮች በአንዱ ሰፈሩ። መንደራችን ስም የለውም፤ ቁጥር ነው ያለው። እኔ እዚያው ተወለድኩ። በቆሎ ከዝንጀሮ ስጠብቅ፣ ለውዝ ስለቅም አደግሁ። አማርኛን ከእናቴ፣ አኙዋክኛን ከጎረቤት ልጆች ተማርኩ። ለሥራ ስደርስ ሕንዶች ሰፊ እርሻ ሊያለሙ መጥተው ካምፕ ሠሩ፤ እኔም ወጥ ቤታቸው ውስጥ ሽንኩርት ላጭ ሆኜ ገባሁ።

ወጥ ቤቱን የሚገዛው ሞሃን የሚባል ሽማግሌ ነበር። ጋሽ ሞሃን እንለዋለን። ትልቅ ወንዝ ዳር ያደገ ሰው ስለሆነ ዓሣ ያልበላበትን ቀን ጦሙን እንዳደረ ነው የሚቆጥረው። እሑድ እሑድ ባሮ ዳር ቁጭ ብሎ ውሃውን ሲያይ ይውላል። ሽንኩርቱን አወፍሬ ስከትፍ ካየ በሕንድኛ ይሰድበኝና፣ ያልገባኝ ሲመስለው በአማርኛ ይደግመዋል። እንዲህ እየተሰደብኩ ምስሩን፣ ሩዙን፣ ቂጣውን፣ ከሁሉም በላይ ዓሣ በሰናፍጭ መሥራትን ለመድኩ። እርሻው ቆሞ ሕንዶቹ ሲሄዱ፣ ሻንጣው ውስጥ አልገባ ያለውን የቂጣ ብረት ምጣድና ክብ የቅመም ቆርቆሮውን ለኔ ተወልኝ። «በዚህ ምጣድ ላይ ከቂጣ ሌላ ምንም እንዳታሳርፊ» አለኝ። ሌላ ስንብት አልሆነለትም።

እኔም ኒውላንድ ውስጥ ቤት ተከራይቼ፣ ግቢው ውስጥ ካለው ማንጎ ዛፍ ሥር ጠረጴዛ ደርድሬ ሥራ ጀመርኩ። ሁሉም ሲስቅ አባቴ ብቻ አልሳቀም።

«ልጅህ ሆቴል ከፈተች ሲሉኝ ዝም አልኩ» አለኝ መንደር ሄጄ ስነግረው። «የሕንድ ሆቴል ሲሉኝ ግን አንገቴን ደፋሁ። ሥሪ፤ እንጀራሽ ነው፣ አልከለክልሽም። ስሜን ግን እዚያ በር ላይ እንዳታንጠለጥይው።»

ክፋቱ ያን ጊዜ ሰዓሊው ታፔላውን ጽፎ ጨርሶ ነበር። «ስንዱ ይመር የሕንድ ምግብ ቤት» ይላል፣ በአረንጓዴ ቀለም። አላስፋቅሁትም። ስንዱ ብቻ ብዬ ብጽፍ የማን ስንዱ ይሉኛል? አባቴ ደግሞ በሁለቱም ዓይኑ ሞራ ወጥቶበት፣ ቀንና ሌሊትን ከመለየት በቀር ብዙም አያይም ነበር። ከመንደራችን ወደ ከተማ የመጣ ሁሉ ታፔላዬን ያነብባል፤ ተመልሶ የሚነግረው ግን አልተገኘም። አገሩ በሙሉ የሚያውቀውን እሱ ብቻ ሳያውቅ ዓመታት አለፉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ሑዳዴ ነበር፤ የጋምቤላ ሙቀት ሰውን ከጥላ ጥላ የሚያባርርበት ወቅት። የዓይን ሞራ በነፃ የሚገፍፉ ሐኪሞች ከሕንድ አገር መጥተው ሆስፒታሉ ውስጥ ሥራ ጀምረዋል ተባለ። ወሬው ወረዳ ለወረዳ ሲደርስ ከጎጉም ከአቦቦውም ዓይነ ስውሩ ሁሉ እየተመራ ከተማ ገባ። ወንድሜም አባቴን በጭነት መኪና አመጣው። እኔ ጋ እንዲያርፍ ብለምነው «ከመንደሬ ሰዎች አልለይም» ብሎ ሆስፒታሉ ግቢ ጥላ ሥር ተቀመጠ። ዘግይተው ስለደረሱ የነሱ ተራ ከመጨረሻዎቹ ቀናት በአንዱ ላይ ወደቀ። እኔ ጠዋትና ማታ ምግብ እወስድለታለሁ። ያለቅቤ የሠራሁትን የጋሽ ሞሃንን ምስር በሳህን አቀርብለታለሁ፤ እሱ «ክኩ ጥሩ ነው» ይላል። አልተከራከርኩትም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ኦባንግ መጣ። ኦባንግ የአኙዋክ ልጅ ነው፤ የዓይን ክፍል ነርስ፣ የዓሣዬም የጥንት ደንበኛ። አማርኛ ሲናገር ብዙውን እንደ አንድ፣ ሴቱንም እንደ ወንድ ይቆጥራል፤ ሐሳቡን ግን አይስትም። ሁልጊዜ ሲገባ መጀመሪያ ወጥ ቤቱን ነው የሚያየው። ያን ቀን ግን ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ስንዱ፣ ሕንዶች ችግር አለው» አለኝ።

«ምን ሆኑ?»

«አይበላም። ሆቴል የሚያቀርበውን ሁሉ ይመልሳል። ሙዝና ዳቦ ብቻ። ሁለቱ ሆዱን አሞት ተኝቷል። ዛሬ እርስ በርስ ሲነጋገር ሰማሁ፤ በዚህ ሁኔታ እስከ መጨረሻው አንቆይም፣ ነገ የተጀመረውን ጨርሰን እንሂድ ይላል።»

«ነገ? ተራ የያዘውስ ሰው?»

«ሌላ ዓመት።»

«አባቴስ?»

ኦባንግ የአባቴን ዕድሜ ያውቃል። ሌላ ዓመት ማለት ምን እንደሆነ ለሁለታችንም ግልጽ ነበር። እኔ እንኳ ለራሴ ስል አልነበረም የፈራሁት። አባቴ ከእጄ ምግብ እየበላ፣ ፊቴ ምን እንደሚመስል ረስቶ እንዳይሞት ነው።

«የነሱን አገር ምግብ የሚያውቅ አንቺ ብቻ ነው» አለኝ። «ነገ ምሳ አመጣቸዋለሁ። ከበላ ይቆያል። ግን ስሚኝ፤ ጾመኛ ነው። ሥጋ አይነካም።»

«ጾመኛ ከሆኑማ ቀለለኝ» አልኩት። «ሑዳዴ አይደል? ግማሹ ደንበኛዬ ጾመኛ ነው።»

እዚህ ላይ የአገራችንን ልማድ ልንገራችሁ። ሌላ ቦታ ዓሣ በጾም ይበላል፣ አይበላም እያሉ ይከራከራሉ። ባሮ ዳር ላለን ለብዙዎቻችን ግን ክርክሩ እኔ ሳልወለድ ነው ያለቀው፤ ጾም ማለት ሥጋ የለም፣ ወተት የለም፣ ቅቤ የለም፣ እንቁላል የለም፤ ዓሣ ግን አለ። ጋሽ ሞሃን ደግሞ ሕንድ ማለት ዓሣ በሊታ ነው ብሎ አሳድጎኛል። ሁለቱን ስደምራቸው ሒሳቡ ልክ መጣልኝ።

ስለዚህ ንጋት ላይ ባሮ ወርጄ ከአጥማጆቹ ሁለት ሰው የሚሸከመው ዓሣ መረጥኩ። ሥጋውን በሰናፍጭ ሠራሁት። ጭንቅላቱን ጋሽ ሞሃን እንዳስተማረኝ ምስሩ ውስጥ አበሰልኩት። ሩዙን ዓሣው በተጠበሰበት ዘይት አመስኩት፤ ባሚያውንም እንዲሁ። ሽማግሌው ምስሩ ላይ ጣል የሚያደርጋትን አንድ ማንኪያ ቅቤ እንኳ ለጾመኛ አይሆንም ብዬ ተውኳት። እንደዚያ ቀን ተጠንቅቄ ሠርቼ አላውቅም።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ሁለት መኪና ደጄ ላይ ቆመ። ከፊት የወረደችው የቡድኑ አለቃ ናት፤ ዶክተር ሱሚትራ የምትባል አጭር፣ ፀጉሯን በአጭሩ የተቆረጠች፣ ሸበት ያደረገች ሴት። ሌሎቹ በድካም ዓይናቸው ጎድጉዷል። እጃቸውን ታጥበው ማንጎው ሥር ተቀመጡ። ከጋሽ ሞሃን ወዲህ እጄን የሚፈትን ሕንድ ሲመጣ የመጀመሪያው ነው፤ እሱም ከአባቴ ዓይን ጋር ተያይዞ። ትሪውን አስቀምጬ ክዳኑን ራሴ ከፈትኩት።

 ዶክተር ሱሚትራ እጇን ከጠረጴዛው ላይ አንስታ ጭኗ ላይ አደረገች። ከዚያ በእንግሊዝኛ ቀስ ብላ ጠየቀች።

«ዓሣ ነው ወይ ይላል» አለኝ ኦባንግ።

«አዎ በላት፣ የዛሬ ጠዋት ዓሣ ነው።»

«ምስሩስ?»

«የዓሣ ጭንቅላት አለበት» አልኩ፤ ኩራቴ ገና አልለቀቀኝም።

«ሩዙ?»

«በዓሣው ዘይት።»

«ባሚያው?»

እየመለስኩ በሄድኩ ቁጥር የሰዎቹ ፊት እየወደቀ ሄደ። አንዱ ወጣት ሐኪም አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ ተነሳና ወደ መኪናው ሄደ። ኦባንግ ከሴትየዋ ጋር ጥቂት ተነጋግሮ ወደኔ ዞረ፤ ላቡ በፊቱ ይወርዳል።

«ዓሣ አይበላም፣ ስንዱ። እንቁላልም አይበላም። ነፍስ ያለው ነገር ምንም አይበላም። ከተወለደ ጀምሮ።»

«ከተወለዱ ጀምሮ? ታዲያ ጾሙ መቼ ነው የሚፈታው?»

«አይፈታም።»

ያን ሰዓት ከሀፍረቱ ይልቅ መገረሙ በረታብኝ። እኛ ፋሲካን እያሰብን ሁለት ወር ያህል እንጾማለን፤ ባንጾም ይቆጨናል፤ ብንጾም እንኮራለን። እነዚህ ሰዎች ፋሲካ የላቸውም። ዕድሜ ልካቸውን ጾመው ከባሕር ማዶ የኛን ዓይን ሊያክሙ መጡ፤ እኔ ደግሞ ፊታቸው የዓሣ ጭንቅላት አቀረብኩላቸው።

ዶክተር ሱሚትራ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። እጆቿን ደረቷ ላይ ገጥማ አመሰገነችኝና ቦርሳዋን አነሳች። «ሙዝ አለን፣ አትጨነቂ ይላል» አለ ኦባንግ። «በስምንት ሰዓት ሥራ አለ። ይሄዳል።»

ሲሄዱ ታየኝ። መጀመሪያ ከደጄ፣ ከዚያ ከሆስፒታሉ፣ ከዚያ ከጋምቤላ። አባቴ ግቢው ጥላ ሥር ተቀምጦ ተራ ሲጠብቅ ታየኝ። ከበሩ ፊት ሄጄ ቆምኩ። ለምን እንደዚያ እንደደፈርኩ ዛሬም አላውቅም።

«አይሄዱም በላት» አልኩት።

«ስንዱ፣ ተይ።»

«አንድ ሰዓት ይስጡኝ። ሳትከፍሉኝ አትሂዱ ብዬ አይደለም፤ ሳላበላችሁ አትሂዱ ነው የምለው። በኔ ቤት እንግዳ ተርቦ ወጥቶ አያውቅም። የሚበሉትን አንድ በአንድ ትንገረኝ።»

ኦባንግ እንዴት እንደተረጎመው እንጃ፤ ሴትየዋ ቦርሳዋን መልሳ አስቀመጠች። በጣቷ እየቆጠረች ትነግረኝ ጀመር። «ዳል» አለች፤ ምስር ነው፣ አውቀዋለሁ። «ሮቲ» አለች፤ ቂጣ ነው። ከዚያ «ጊ» አለች፤ «ዳሂ» አለች። እነዚህን ቃላት ከካምፑ ወዲህ ሰምቻቸው አላውቅም ነበር።

«ቅቤ? እርጎ?» አልኩ። «ኦባንግ፣ ቅቤ ይበላሉ?»

«ቅቤ ይበላል። ወተት ይበላል። እርጎ በጣም ይወዳል።»

እንግዲህ ፍረዱ። የጨመርኩትን የማይበሉ፣ ያስቀረሁትን የሚበሉ ሰዎች ናቸው። ጾማችን ጀርባና ጀርባ ነው። እዚያው ሳቄ መጣ፤ ሴትየዋም ለምን እንደሆነ ሳታውቅ አብራኝ ሳቀች።

ምስር አለኝ፣ ድንች አለኝ፣ ባሚያ አለኝ። ድስት ግን የለኝም። ወጥ ቤቴ ውስጥ ዓሣ ያልተሠራበት ድስት ከየት ይመጣል? ኦባንግ በሹክሹክታ «በደንብ ታጥቦ አይሆንም?» አለኝ።

«አይሆንም።»

«ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ።»

እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ የጾም ድስት ለብቻ ነበራት። የፍስክ ድስት ውስጥ የተሠራ ሽሮ ለጾመኛ አታቀርብም፤ በሦስት ውሃ ቢታጠብም አታቀርብም። የሑዳዴ ጾመኛ እንዲህ ከተጠነቀቁለት፣ የዕድሜ ልክ ጾመኛማ እንዴት ይሆናል? ጎረቤት ልዋስ ብል ደግሞ በኒውላንድም ሆነ በመላው ጋምቤላ ዓሣ ያልነካው ድስት የሚገኘው ሱቅ ውስጥ ብቻ ነው። አዲስ ድስቶችና ሳህኖች እንዲገዛ ኦባንግን ባጃጅ አስይዤ ወደ ገበያ ላክሁት። «ዋጋ እንዳትከራከር» አልኩት። እኔ ይህን ቃል ስናገር ሰምቶ ስለማያውቅ ነገሩ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባው መሰለኝ።

እኔ ደግሞ ወደ ኛማል ሮጥኩ። ኛማል የኑዌር ሴት ናት፤ አጥሬ ሥር ተቀምጣ ወተት ትሸጣለች። በሑዳዴ ከደጋ የመጣው ጾመኛ ሁሉ ስለማይገዛት ወተቱ ይተርፋታል፤ የተረፈውን ታረጋዋለች፣ ቅቤውን ታነጥረዋለች፤ ፋሲካ እስኪደርስም ትቆጣለች። ለወንድም ለሴትም «አንተ» ነው የምትለው።

«ቅቤ ስጪኝ፣ ኛማል። እርጎም።»

«አንተ ጾም አይደለም?»

«ለኔ አይደለም። ለዓይን ሐኪሞቹ ነው። ካልበሉ የዛሬውን ሥራ ጨርሰው ይሄዳሉ፤ አባቴ ሳይታከም ይቀራል።»

ኛማል ቀና ብላ አየችኝ። «የኔም እናት እዛ ተቀምጧል» አለች። ከዚያ ለመለካት የያዘችውን ጣሳ ጣለችና ዕቃውን እንዳለ አነሳችልኝ። ራሷም ተከትላኝ ገባች።

ድስቶቹ ሲመጡ የፋብሪካው ወረቀት ገና አልተላጠላቸውም። አጥበን ጣድናቸው። ምስሩ ሲንተከተክ እኔ ሊጡን አቦካሁ። ዶክተር ሱሚትራ ቁጭ ማለት አልቻለችም፤ መጥታ ወጥ ቤቴ በር ላይ ቆመች። የጋሽ ሞሃንን ብረት ምጣድ ስታይ በጣቷ ጫፍ ነካችው። «ይሄስ ይላል» አለ ኦባንግ።

«እሱ ላይ ከቂጣ በቀር ያረፈ ነገር የለም በላት። የሰጠኝ ሰው ቃል አስገብቶኛል።»

ራሷን ነቀነቀች። ቂጣው ምጣዱ ላይ ሲነፋ፣ በእጄ ሳገላብጠው፣ በኛማል ቅቤ ሳስነካው ቆማ አየችኝ። መጨረሻ ላይ ከሙኑንና የሰናፍጩን ፍሬ በጋለው ንጥር ቅቤ ውስጥ ጣል አደረግሁት። ፍሬው ሲንጣጣ ሽታው ግቢውን ሞላው። ያ መኪና ውስጥ ገብቶ በሩን የዘጋው ወጣት ሐኪም በሩን ከፍቶ ወረደ፤ ማንም ሳይጠራው እጁን ታጥቦ ተቀመጠ።

በእጃቸው በሉ። ማንኪያውን ወደ ጎን ገፍተው እንደኛ በቀኝ እጃቸው።  ምስሩ ተጨመረ፣ ድንቹ ተጨመረ፣ ቂጣ ማድረስ አቃተኝ። ኛማል እርጎውን እየቀዳች «ብላ፣ ብላ» ትላቸዋለች፤ እነሱም ቋንቋውን ሳያውቁ ይታዘዟታል። እኔ ከምጣዱ ሆኜ የዶክተር ሱሚትራን አፍ አያለሁ። በመጨረሻ ሳህኗን በቂጣ ጠረገችና ለኦባንግ አንድ ነገር ተናገረች።

«ምስሩ ጨው አንሶታል ይላል።»

ጨው ላነሳ ዞርኩ። ሴትየዋ ግን አልጨረሰችም። ሰዓቷን አየች፣ ተነሳች፣ ዞር ብላ ሌላ ነገር ጠየቀች። ኦባንግ ጥርሱ ሁሉ ታየ።

«ነገ ምሳ ስንት ሰዓት ነው ይላል።»

«ድገመው» አልኩት።

«ነገ ምሳ ስንት ሰዓት ነው? ከነገ ወዲያስ? እስከ መጨረሻው ቀን እዚህ ነው የምንበላው ይላል።»

ኛማል ከኔ ቀድማ እልል አለች። እኔ መጋረጃውን ይዤ አለቀስኩ፤ አላፍርበትም። ዓሣው የት ደረሰ ለምትሉኝ፣ ሾፌሮቹ፣ ኦባንግና የሰፈሩ ባለባጃጆች ተረባርበውበታል። ዋናው ድስት ሳይቀር በቂጣ ተጠርጎ ነው የተመለሰልኝ።

ሐኪሞቹ እስከ መጨረሻው ቆዩ። አባቴ ተራው ሲደርስ እጁን ይዤ ወሰድኩት። በመንገድ ላይ «እነዚህ ሕንዶች ይጾማሉ ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ካንተ በላይ ይጾማሉ፣ አባዬ። ጾማቸው አይፈታም።»

ጥቂት አሰበ። «ታዲያ ይህን ሁሉ ጾመኛ ማን ያበላል?»

«እኔ።»

እጄን ጠበቅ አድርጎ ያዘኝ።

በማግሥቱ ዶክተር ሱሚትራ ፋሻውን ከዓይኑ ላይ ፈታችለት። አባቴ ዓይኑን አርገበገበ፣ ጣራውን አየ፣ ግድግዳውን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ። «አርጅተሻል» አለኝ። ከዚያ ሐኪሟን ከላይ እስከ ታች ተመለከታት። «ያንቺን ወጥ የምትበላው ይቺ ናት? ምነው ከሳች፤ ጨምሪላት።» ኦባንግ ይህን ሲተረጉምላት ሴትየዋ ግድግዳ ተደግፋ ሳቀች።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገሬ ተለውጧል። ድሮ ደንበኛ ሲገባ «ምን ልታዘዝ?» ነበር የምለው። ዛሬ መጀመሪያ የምጠይቀው «የማትበሉት ምንድን ነው?» ብዬ ነው። ሰው የሚወደውን መገመት ይቻላል፤ የማይነካውን ግን እሱ ካልነገራችሁ አታውቁትም። እኔ ልብ ንጹሕ ከሆነ ይበቃል እያልኩ ነበር የምኖረው፤ ንጹሕ ልብ ይዤ ነው የዓሣ ጭንቅላት ያቀረብኩት። እነዚያ ድስቶች ዛሬም መደርደሪያዬ ላይ ለብቻቸው ናቸው፤ እጀታቸው ላይ ቀይ ክር አስሬባቸዋለሁ፤ ዓሣ አያውቃቸውም። ዓሣ ጾም አይደለም የሚሉ፣ ድሮ በሑዳዴ በደጄ የማያልፉ ጾመኞችም ይህን ሰምተው መጥተዋል። ኛማልም በሑዳዴ መቆጣቷን ትታለች፤ ቅቤዋ ሕንድ የቀመሰው ቅቤ ነዋ።

ኩራት አይመችሽም የሚሉኝ አሉ። እኔ ግን እኮራለሁ። «የወሎ ሕንድ» ሲሉኝ አሁን አያሳክከኝም። ወሎ እናቴን ሰጠኝ፤ ሕንድ ጋሽ ሞሃንን፤ ባሮ ዓሣውን፤ የኑዌር ላሞች ቅቤውን። ይህን ሁሉ አንድ ትሪ ላይ ማቅረብ የሚቻለው ጋምቤላ ነው፤ ጋምቤላ ደግሞ አገሬ ናት።

አንድ ነገር ሳልነግራችሁ ቀርቻለሁ። አባቴ ከሆስፒታል የወጣ ዕለት «ቤትሽን አሳዪኝ» አለኝ። ባጃጁ ውስጥ ሆኜ ስለ ታፔላው ብቻ ነበር የማስበው። ደርሰን ወረደ፤ የሰጡትን ጥቁር መነጽር አድርጎ፣ ከዘራውን ተክሎ፣ ቀና ብሎ ታፔላው ፊት ቆመ። አባቴ ፊደል የቆጠረው በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ እያንዳንዱን ፊደል ጮክ ብሎ ካልጠራ አያነብም።

«ስ-ን-ዱ» አለ። ከዚያ «ይ…» ብሎ ቆመ። ኛማል ወተቷን መቅዳት አቆመች። እኔ መሬቱን አየሁ። አባቴ መነጽሩን አወለቀ፣ በነጠላው ጠረገው፣ መልሶ አደረገና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። በዚህኛው አልቆመም። «ስ-ን-ዱ፣ ይ-መ-ር፣ የ-ሕ-ን-ድ፣ ም-ግ-ብ፣ ቤ-ት» ብሎ ጨረሰ። አንድ እርምጃ ወደ ታፔላው ቀረበ።

«ቀለሙ ለቋል» አለኝ በመጨረሻ። «ይመር የሚለው በደንብ አይታይም። ነገ ሰው ጠርተሽ አስደምቂው።»

ከዚያ ጎንበስ ብሎ ገባ።